ለእትዬ በላይነሽ ላንድሮቨር የመረጥነው ካምቢዮ

ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ። ጋቢው ጥሩ ጋቢ ነው፣ አሁንም ብርድ ሲሆን እደርበዋለሁ። ያሳፈረኝ ንግግሩ ነው። አዲሱ ኃላፊያችን፣ ከመጣ ዓመት ያልሞላው፣ ሰው አክባሪ ልጅ፣ ማይክሮፎን ይዞ ተነሣና «ጋሽ ጌታሁን በዚህ ሁሉ ዘመን ካምቢዮ መርጦ ተሳስቶ አያውቅም» ብሎት አረፈ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ የለስላሳ ጠርሙሴን ጨብጬ መሬት መሬት አየሁ። ትሕትና መሰላቸው። ከኋላ የተቀመጡት የድሮ ሰዎች ግን እርስ በርስ ተያይተው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ። እነሱ ያውቃሉ። ሰው እያመሰገነኝ ማቋረጥ ነውር ሆነብኝና ዝም አልኩ። የእኔ ነገር ሁሌም እንዲህ ነው። ዝም ማለት ጨዋነት ይመስለኛል።

ቦንጋ ነው የተወለድኩት። አያቴ ከሰሜን ለሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ፣ እኛም ከተማ ውስጥ በአማርኛ አደግን። የአገሩን ቋንቋ፣ ካፊኖኖን፣ እሰማለሁ፤ ስናገር ግን የገበያ ሴቶች ይስቁብኛል። ጋራዥ የገባሁት ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። የጋራዡ ዋና መካኒክ ጋሽ ዘለቀ ይባሉ ነበር። ልጅ ሆነው ጅማ ከጣሊያን መካኒክ ሥር ነው ሥራ የለመዱት። በመጀመሪያው ቀን መኪና ሥር ተኝተው ካቻቢቴ አቀብለኝ ሲሉኝ ፒንሳ አቀበልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ፣ ፒንሳውን ተቀብለው አመሰገኑኝ፣ ከዚያ ራሳቸው ተነሥተው ካቻቢቴውን አመጡ። ሌሎቹ ሠራተኞች ልብ እንኳ አላሉም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፣ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። ሰውዬው እንዲህ ናቸው፤ ሰውን ሰው ፊት አያዋርዱም።

ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም ተለወጠ፣ ማኅተሙ ተለወጠ። መኪኖቹ ግን እነዚያው ነበሩ። ከቦንጋ ወጣ ብሎ ዋጫ የሚባል ቦታ ተመድቤ ሁለት ክረምት ሠራሁ። የዋጫው አለቃዬ ሞተር የሚፈራ ሰው ነበር፣ ኮፈን ሲከፈት ወደ ኋላ ይሸሻል። ነገር ግን የመለዋወጫ መጠየቂያውን ሳያነብ ስለሚፈርምልኝ ወደድኩት። ዕቃው ሲመጣ መኪናው በሌላ ዕቃ ተጠግኖ፣ ሥራ ጀምሮ፣ ደግሞ ሌላ ቦታ ተሰብሮ ይጠብቀዋል። አንድ ጊዜ ማንኪራ መንገድ ላይ መኪና ተቀብሮብኝ የመንደሩ ሰው ከጫካ ሐረግ ቆርጦ ጎትቶ አወጣኝ፣ ማርም አብልቶ ሸኘኝ። ደመወዙን አላነሣውም፣ ደመወዝ ነበረ ለማለት ያህል ነበር።

ደካ የሚባል አገርም ተልኬ ሠርቻለሁ። የደካን ዳገት ያወቅሁት ያኔ ነው። ከደካ ተነሥቶ ወደ ቦንጋ ለሚመጣ መኪና ከዚያ ዳገት ሌላ መንገድ የለውም፣ ግድ በሱ ነው የሚወጣው። አፈሩ ቀይ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ቅቤ ይሆናል። መሀሉ ላይ ከቆምክ ዳግም ለመነሣት አንደኛ ማርሽህ ጉልበት ሊኖረው ይገባል። ጉልበት ከሌለው ሞተሩ ይንቀጠቀጥና እጅህ ላይ ይሞታል።

ወደ ቦንጋ ስመለስ ጋሽ ዘለቀ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ጊዜ ነበር የቀራቸው። ካምቢዮ፣ የማርሹን ሳጥን ማለቴ ነው፣ የተማርኩት በዚያች ጊዜ ነው። ካምቢዮ ሲፈቱ አይታችሁ ቢሆን! በመጀመሪያ እጃቸውን በናፍጣ፣ ቀጥሎ በሳሙና ይታጠባሉ። ንጹሕ ጆንያ ያነጥፋሉ፣ ማርሽ ባዶ መሬት ላይ አይቀመጥም። አሮጌውን ዘይት በሁለት ጣታቸው መሀል አሽተው ወደ ፀሐይ ያዞሩታል፣ የነሐስ ብናኝ ካብለጨለጨ ውስጡ እየተበላ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ያገለገለ ካምቢዮ ሲገዙ ሳያዞሩ አይገዙም ነበር። አንደኛ ማርሽ ያስገቡና ከሞተር በኩል የሚገባውን ዘንግ በእጃቸው ያዞራሉ። በኋላ የሚወጣው ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ። የኋለኛው አንድ ጊዜ እስኪዞር የፊተኛው ስንት ጊዜ ዞረ? ብዙ ከዞረ ማርሹ ጉልበተኛ ነው፣ ዳገት ይወጣል። ጥቂት ከዞረ ለሜዳ ነው። ሲያዞሩ ሰው አያናግሩም። ብታናግራቸው ሰላምታህን እንኳ አይመልሱም። እኔም ከእሳቸው ወርሼ ሳላዞር የማልፈው ካምቢዮ የለም፤ እጄ ራሱ ይሄዳል።

እሳቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ ሰው ቤታቸው ድረስ ይመጣ ጀመር። እኔ ቅዳሜና እሑድ የግል ሥራ አብሬያቸው እሠራለሁ። እትዬ በላይነሽ የመጡት በዚያ ዘመን ነው።

እትዬ በላይነሽ የደካ ሰው ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ አንዲት አሮጌ አጭር ላንድሮቨር ትተውላቸው ሄዱ። የንጉሡ ዘመን መኪና ናት፣ አረንጓዴ፣ ጣሪያዋ በሸራ የተሸፈነ። የሚነዳት ታናሽ ወንድማቸው አድማሱ ነበር። ከደካ ሰውና ቡና ይጭናል፣ ከቦንጋ ጨውና ሳሙና ይመልሳል። የእትዬ በላይነሽ ቤት የሚተዳደረው፣ ልጆቹ የሚማሩት፣ በዚያች መኪና ነው። ያን ዓመት ቡና ሊለቀም ሲል የአንደኛ ማርሽ ጥርሶች ረገፉ። አድማሱ በሁለተኛ ማርሽ እየተንደረደረ፣ ሜዳ ሜዳውን ነድቶ፣ ዳገቱን በሰው ጉልበት አስገፍቶ ቦንጋ አደረሳት።

እትዬ በላይነሽ የጋሽ ዘለቀ ግቢ ቆመው ያሉት አልጠፋኝም። «ይህ ቡና ካመለጠኝ መኪናዋን እሸጣለሁ። መኪናዋን ከሸጥኩ ደግሞ ሌላ ሥራ አላውቅም፣ አድማሱም አያውቅም» አሉ። አማርኛቸው ቆጠብ ያለ ነው፣ አንድ ነገር አንዴ ነው የሚናገሩት።

ሌላም ችግር ነበረባት። እንዲህ ያለች መኪና ለዳገት የሚሆን ለብቻው ማንሻ ያለው ተጨማሪ ማርሽ አላት። የእሷ ግን የእትዬ በላይነሽ ባል በሕይወት ሳሉ ተበልቶ ተዘግቷል፣ ዕቃውም አልተገኘለትም። ስለዚህ ዳገቱን የምትወጣው በዋናው ካምቢዮ አንደኛ ማርሽ ብቻ ነው። ይህን ጋሽ ዘለቀም እኔም እናውቃለን።

ምን እናድርግ ብለን ተማከርን። ያለውን መጠገን እንዳንል ጥርሱ ብቻ ሳይሆን ዘንጉም ተበልቷል። አንዳንዱ ባለሙያ ያኔ የሌላ መኪና ባለአምስት ማርሽ ካምቢዮ እየገጠመ ነበር፣ እኔም ልቤ ወደዚያ አድልቶ ነበር። ጋሽ ዘለቀ እምቢ አሉ። ለዚያ ወለሉ ይቆረጣል፣ ዘንጉ ያጥራል፣ መሀል የሚገባ ብረት አዲስ አበባ ይቀረጻል፤ አንድ ቀን ደካ ላይ ቢሰበር ማን ይጠግነዋል አሉኝ። ልክ ነበሩ። የራሷን ዓይነት ካምቢዮ መርካቶ እንፈልግላት ተባለ። እትዬ በላይነሽ ላማቸውን ሸጠው ሰጡን፣ ሁለታችንም በአውቶቡስ ሄድን።

መርካቶ የአሮጌ ዕቃ ሻጮቹ ጋ ስንደርስ አንዱ ሻጭ ጋሽ ዘለቀን ሲያይ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። ድሮ ጅማ አስተምረውት ኖሯል። ጉልበታቸውን ሊስም ሁሉ ቃጣው። የአካባቢውን መካኒክ ጠራና እኚህ ናቸው እኔን ሰው ያደረጉኝ እያለ ያስተዋውቃቸው ጀመር። ሰዉ ከበበን። ጋሽ ዘለቀ ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንደዚያ ቀና ብለው አላየኋቸውም። ሻጩ ቅን ሰው ነው፣ በእሱ አልፈርድም። ሁለት ካምቢዮ አወጣልን። ዋጋቸው አንድ፣ መልካቸው ከውጭ አንድ። አንዱ ጭቃና ዘይት የጋገረበት፣ ሌላው የታጠበ። ክዳናቸውን ከፈተና እርስዎ ይምረጡ አላቸው።

ጋሽ ዘለቀ ጎንበስ ብለው የሁለቱንም ጥርስ አዩ። የቆሸሸው ጠርዙ ተበልቷል። የታጠበው ጥርሱ እንደ አዲስ ነው፣ ብዙ ዘመን የቆመ መኪና ላይ የነበረ ይመስላል። በጣታቸው መታ መታ አደረጉትና «ይኸ ነው» አሉ። ሻጩ አያችሁ አይደል፣ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው ብሎ ለከበቡን ሰዎች ተናገረ። ጋሽ ዘለቀ አላዞሩትም። እኔ ገረመኝ፤ ግን ክብሩም፣ ሰዉም፣ እርጅናውም ነው ብዬ አለፍኩት።

ካምቢዮውን ወደ ጋሪ ላወጣው ስል እጄ እንደ ልማዱ ሄደ። አንደኛ አስገባሁና አዞርኩት። ሦስት ላይ ሲደርስ የኋለኛው ዘንግ ዙሩን ጨረሰ። የእትዬ በላይነሽ መኪና የራሷ ካምቢዮ ሦስት ተኩል አልፎ ነው የሚጨርሰው። ደግሜ አዞርኩት፣ ያው ሦስት ሆነ። ከእሷ መኪና ቀደም ብሎ የተሠራው ዓይነት ነው። ከውጭ አይለይም፣ ጥርሱም ደህና ነው፣ ግን አንደኛ ማርሹ ለሜዳ ነው። የቆሸሸውንም ነካ አድርጌ አዞርኩት፣ እሱ ትክክለኛው ነበር። ጥርሱ ቢበላም ዳገት ይወጣል።

ቀና ስል ጋሽ ዘለቀ በሰዎቹ መሀል ቆመው ሻይ እየጠጡ ያወራሉ። ሁለት እርምጃ ነበር የሚለየን። ሄጄ በጆሯቸው ልንገራቸው? ሰዉ ሁሉ ያያል። ያ ሁሉ አድናቆት በእኔ በተማሪያቸው አፍ ይፍረስ? እኔን ፒንሳ ሳቀብላቸው ያላሳፈሩኝን ሰው እኔ እንዴት ገበያ መሀል አሳፍራቸዋለሁ? መንገድ ላይ፣ ብቻችንን ስንሆን እነግራቸዋለሁ አልኩ። ካምቢዮውን ጫንኩት። መንገድ ላይ ብነግራቸው ደግሞ ማን ይመልሰዋል፣ ይህን እንኳ አላሰብኩም። ኧረ አስቤዋለሁ። ሳስበው ስላልወደድኩት ተውኩት።

ጅማ ምሳ ስንበላ ሞከርኩ። ጋሽ ዘለቀ አልኳቸው። እ? አሉኝ። ጥብሱ ጨው አልበዛበትም? አልኳቸው። ቀምሰው ኧረ ደህና ነው አሉ። ይኸው ነው የተናገርኩት።

ቦንጋ ገባን፣ ገጠምነው። ከተማ ውስጥ ባዶዋን ሞከርናት፣ አሪፍ ሄደች። ባዶ መኪና ምን አይወጣ! ጋሽ ዘለቀ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው ድምፁን እያዳመጡ ደስ ብሏቸዋል። አድማሱ ከበፊቱ ፈጠን ያለች መሰለኝ አለ። ፈጠን ማለቷ ነበር ችግሩ። እኔ ምናልባት ሞተሩ ይሸከመዋል፣ ምናልባት ዝናቡ ቶሎ ያቆማል እያልኩ ለራሴ ጠበቃ ቆምኩ። እትዬ በላይነሽ ለሁለታችንም ማር በቅል አመጡልን። እኔ ያንን ማር በላሁት። አሁን ሳስበው እንዴት ጉሮሮዬን አለፈ እላለሁ።

ቡናው ደረሰ። አድማሱ ሙሉ ጭኖ፣ ሰውም ከላይ ጨምሮ፣ ዝናብ በመታው ማግሥት ከደካ ተነሣ። ዳገቱ መሀል ላይ ከፊቱ ከብት ገባበትና ቆመ። ሊነሣ ሲል ሞተሩ ሞተ። አስነሥቶ ደግሞ ሞከረ፣ ፍሪሲዮኑ ጨሰ። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች፣ ፍሬኑም በዚያ ጭቃ አልያዘም። ሰዉን ውረዱ ብሎ ጮኾ አስወረደ፣ ሁሉም ተረፉ። እሱ ግን መሪውን አልለቅም ብሎ ገደል በሌለበት በኩል ከመንገዱ ጥግ ጋር ሊያጋጫት ሲታገል ገደል ውስጥ ተገለበጠች። እግሩ ከጭኑ ተሰበረ። ወጌሻም ሆስፒታልም አየው፣ ዳነ፣ ግን አጥሮ ቀረ። መኪናዋ ዕቃ በዕቃ ተሸጠች። ቡናው ከጭቃው ላይ ተለቅሞ በወረደ ዋጋ ሄደ።

መኪናዋ ስትፈታ ጋሽ ዘለቀ ካምቢዮውን ሌላ ሰው እንዲያዞርላቸው አደረጉ። ሲቆጥር ሰሙት። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ራሳቸው ሽማግሌ አስቀመጡ። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች፣ እትዬ በላይነሽ፣ አድማሱ በክራንች፣ እኔም ተቀመጥን። ጋሽ ዘለቀ ቆመው ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ። እኔ መረጥኩት፣ ሳላጣራ መረጥኩት፣ የሥራ ዕቃዬን በሙሉ ሸጬ ልካስ አሉ። ዕቃቸውን በጆንያ ላይ ደርድረውት ነበር፤ መፍቻውን ሁሉ ጠርገው፣ በየመጠኑ አሰልፈው። እትዬ በላይነሽ አዩትና እኔ የሰው መተዳደሪያ አልወስድም፣ ያሳሳተዎት እርጅና ነው፣ ይቅር አሉ።

እርጅና! ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ፣ በራሴ ላይ ነው የፈላው። ተነሥቼ፣ እየተንተባተብኩ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። እንዳዞርኩት፣ እንደቆጠርኩት፣ ደግሜ እንደቆጠርኩት፣ አውቄ እንደጫንኩት።

እትዬ በላይነሽ «ካወቅህ ለምን ዝም አልህ?» አሉኝ።

«ጋሽ ዘለቀን ሰው ፊት ላለማሳፈር ነው» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንዴት ያለ ርካሽ ነገር እንደሆነ ሰማሁት። እሳቸው የወንድማቸውን እግር አዩ።

ጋሽ ዘለቀ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ድምፃቸው ከቁጣ ይልቅ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። «ያን ቀን ክንዴ እምቢ ብሎኝ ነበር። ቁርጥማቱ ተነሥቶብኝ ዘንግ ማዞር አልችልም ነበር፣ ሰው ፊት ልናገረው አፈርኩ። ግን አንተ ስታዞረው ከሰዎቹ መሀል ሆኜ አይቼሃለሁ። ደግመህ ስታዞረውም አይቻለሁ። ከዚያ ዝም ብለህ ስትጭነው፣ እንግዲህ ልክ ነው ማለት ነው ብዬ ሻዬን ጠጣሁ። ካምቢዮውን የመረጥኩት በአንተ እጅ ነው።»

እሳቸውን ከእፍረት አዳንኩ ብዬ ራሴን ያጽናናሁበት ዝምታ ለእሳቸው ልክ ነው የሚል ቃል ነበር። በጉባኤው ፊት አለቀስኩ፣ ማንም አላባበለኝም፣ ደግ አደረጉ።

እርቁ በምን እንዳለቀ ላውጋችሁ፤ ከደመወዜ እየቆረጥኩ ለእትዬ በላይነሽ እንድከፍል ተወሰነ፣ ከፈልኩም። ጋሽ ዘለቀም እስኪሞቱ ድረስ ሳልለያቸው ኖርኩ። ስለዚያ ቀን ዳግመኛ አላነሡብኝም። ይህ ሁሉ ደህና ነው፣ እችለዋለሁ። የማልችለው ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው።

ሰዉ ሲበተን እትዬ በላይነሽ ሽማግሌዎቹን ለማመስገን ቀሩ፣ አድማሱን እስከ ዋናው መንገድ የምሸኘው እኔ ሆንኩ። ክራንቹ በጭቃው ላይ ስለሚሰምጥበት ትከሻዬን ያዘ። ክብደቱን ጣለብኝ። መሳደብ መብቱ ነው፣ ይስደበኝ እያልኩ ጠበቅሁ። አውቶቡስ መቆሚያው ጋ ስንደርስ ቆም አለና ወደ እኔ ሳያይ፣ ረጋ ብሎ ተናገረ።

«ጋሽ ጌታሁን፣ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ደጋግሞ ሲሞትብኝ እኔ መንዳት የረሳሁ መስሎኝ ነበር። ታምሜ ተኝቼ በነበርኩበት ጊዜ ሁሉ፣ እግሬ ፍሪሲዮኑን ቀድሞ ለቅቆ ነው እያልኩ ነበር። ለእህቴም የነገርኳት እንደዚያ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።»

አውቶቡሱ መጣ። ክራንቹን ተቀብዬ አሳፈርኩት፣ መልሼም አቀበልኩት። አመሰገነኝ።